የሲንክ መክፈቻ ዱቄት፣ ፍላሽ እና የቤት ባትሪ፦ የማይታየው ሃይድሮጅን ጋዝ ከየት ነው የሚወጣው?

የተዘጋ ሲንክ ለመክፈት የሚጨመረውን ዱቄት ሁላችንም እናውቀዋለን። በዓረብኛ «ሙሰሊክ መጃሪ» ይሉታል። ውሃ ሲነካው ይፈላል፣ ይንጫጫል፣ ቱቦው ሁሉ ይግላል። ብዙዎቻችን «አሁን ሠራ ማለት ነው» ብለን ዝም ብለን እናየዋለን። ያ የሚፈላው ነገር ምን እንደሆነ ግን የሚነግረን የለም። ቆርቆሮው ላይ ተጽፏል፣ ግን በዓረብኛና በእንግሊዝኛ ነው። ማዳምም ብትሆን አንብባው የምትሰጠን ስንት ጊዜ ነው?

ከዚያ ውስጥ ከሚወጣው አረፋ ብዙው ሃይድሮጅን የሚባል ጋዝ ነው። ይኸው ጋዝ አሲድ ብረት ሲነካ ይወጣል፣ ሊባኖስ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ከምንጠቀምበት ባትሪም ይወጣል። ለብቻው መርዝ አይደለም። ነገር ግን በቀላሉ ይቃጠላል፣ ተጠራቅሞ እሳት ካገኘም ይፈነዳል። የሚያወጡት ኬሚካሎች ደግሞ ዓይንና ቆዳ ያጠፋሉ። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ለፈተና ሳይሆን ለራሳችን ብለን እናንብበው። በየቀኑ እጃችን የሚገባው እዚያ ውስጥ ነውና።

ሃይድሮጅን ምን ዓይነት ጋዝ ነው?

ሃይድሮጅን በዓለም ላይ ካሉ ንጥረ ነገሮች ሁሉ ቀላሉ ነው። ከአየር ወደ 14 እጥፍ ይቀላል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ጣዕም የለውም። ስሙን ያወጣለት ላቭዋዝዬ የሚባል ፈረንሳዊ ሳይንቲስት ሲሆን ትርጉሙ «ውሃ ወላጅ» እንደማለት ነው። ሲቃጠል ከአየር ውስጥ ኦክስጅን ወስዶ ውሃ ስለሚሆን ነው እንደዚህ የተባለው። ከዚያ በፊት በ1766 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ካቨንዲሽ የሚባል እንግሊዛዊ ይህን ጋዝ ለብቻው ለይቶ አጥንቶ «ተቀጣጣይ አየር» ብሎት ነበር። የካቨንዲሽ ስም ለእኛ ሥራ የበለጠ ይጠቅመናል፣ ምክንያቱም ቁም ነገሩን ቀጥታ ይናገራል።

ከምናውቀው ከማብሰያ ጋዝ ጋር እናወዳድረው።

የማብሰያ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፣ ስለዚህ ወደ ወለል ይወርዳል። ሃይድሮጅን ወደ ላይ ይወጣል፣ ከጣሪያ ሥርና ከቁም ሳጥን አናት ይጠራቀማል።

የማብሰያ ጋዝ ሲያፈስ እንድናውቅ ብለው ሽታ ይጨምሩበታል። ሃይድሮጅን ከዱቄትና ከባትሪ ሲወጣ ግን ምንም አይሸትም። አፍንጫችን አያስጠነቅቀንም።

የማብሰያ ጋዝ የሚቀጣጠለው አየር ውስጥ ያለው መጠን ከ2 እስከ 10 በመቶ አካባቢ ሲሆን ነው። ሃይድሮጅን ግን ከ4 እስከ 75 በመቶ ድረስ ይቀጣጠላል። ማለትም ትንሽም ሆነ ብዙ ቢሆን አይምርም።

ለመቀጣጠል የሚፈልገው ብልጭታ ደግሞ በጣም ትንሽ ነው። ሹራብ ስናወልቅ «ጠጠጥ» የሚለው ብልጭታ እንኳ ይበቃዋል። እሳቱም በቀን ብርሃን በዓይን አይታይም ማለት ይቻላል።

አንድ ጥሩ ጎን ግን አለው። በጣም ቀላል ስለሆነ መስኮት ከተከፈተ ቶሎ በኖ ይሄዳል። አደጋው ያለው በተዘጋ ቦታ ነው። ይህን ያዙልኝ፣ ከታች ደጋግሜ እመለስበታለሁ።

መንገድ አንድ፦ አሲድ ብረታ ብረት ሲነካ

አስረኛ ክፍል የደረሰ ሰው ይህን ያስታውሰዋል። ዚንክ የሚባል ብረት ላይ ቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሲፈስ አረፋ ይወጣል። ጋዙን በትንሽ ብርጭቆ ሰብስበው ክብሪት ሲያስጠጉለት «ጷ!» ብሎ ይጮሃል። ሃይድሮጅን መሆኑ የሚታወቀው በዚያ ድምፅ ነው። እኛ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራው ሁሌ ቁልፍ ስለነበር ስዕሉን መጽሐፍ ላይ ብቻ ነው ያየነው። ይሁን፣ ነገሩ ግን እውነት ነው።

ምን እየሆነ ነው? አሲድ ውስጥ ሃይድሮጅን አለ። ዚንኩ አሲዱ ውስጥ ይሟሟና የሃይድሮጅንን ቦታ ይወስዳል። ቦታውን የተነጠቀው ሃይድሮጅን ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ብረታ ብረት ሁሉ ግን እኩል ጉልበት የለውም። ማግኒዚየም፣ አልሙኒየም፣ ዚንክና ብረት ሃይድሮጅንን ያስወጡታል። መዳብ፣ ብርና ወርቅ ግን እንደዚህ ባለ ቀጭን አሲድ ውስጥ አያስወጡትም።

ድሮ ሰዎች በዚህ ዘዴ በሰማይ በረዋል። በ1783 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ነሐሴ ወር መጨረሻ ላይ ዣክ ሻርል የሚባል ፈረንሳዊ ግማሽ ቶን የሚጠጋ የብረት ቁርጥራጭ ላይ ሰልፈሪክ አሲድ አፍስሶ በወጣው ሃይድሮጅን አንድ ትልቅ ፊኛ ሞላ። ሰው አልተሳፈረበትም፣ ለሙከራ ነበር። ፓሪስ ውስጥ ዛሬ የኤፍል ማማ ካለበት አጠገብ ለቀቁትና ከከተማው ውጭ ጎኔስ የምትባል መንደር ወደቀ። ገበሬዎቹ ከሰማይ የወረደ አውሬ መስሏቸው በመንሽና በቢላ ቀደዱት ይባላል። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ላይ ሻርል ራሱ ሌላ የሃይድሮጅን ፊኛ ላይ ተሳፍሮ በረረ። ከ150 ዓመት በኋላም ሂንደንበርግ የሚባለው ግዙፍ የጀርመን አየር መርከብ በሃይድሮጅን ነበር የሚንሳፈፈው። በ1937 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ግንቦት 6 ቀን አሜሪካ ሊያርፍ ሲል ተቀጣጥሎ ከአንድ ደቂቃ በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ወደመ፤ 36 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ ሰው የሚጭን አየር መርከብ በሃይድሮጅን መሙላት ቀረ።

ወደ ቤታችን እንመለስ። እኛ አሲድ የት ነው የምናገኘው? «ፍላሽ» የሚባለው የሽንት ቤት ማጽጃ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አለ። የኖራ ማስለቀቂያም አሲድ ነው። አሲዱን ሸክላ መቀመጫ ላይ ስታፈሱት ብረት ስለሌለ ሃይድሮጅን አይወጣም። እነዚህ ላይ ሲፈስ ግን ይወጣል፦

የቆርቆሮ ባልዲ ላይ። ቆርቆሮ እንዳይዝግ የሚቀባው ዚንክ ነው። ፍላሽ ውስጡ ብትበጠብጡበት አረፋ እየሠራ ባልዲውን ይበላዋል።

የአልሙኒየም መስኮት፣ በርና የሻወር ፍሬም ላይ። ሙሉ በሙሉ ይበላሻል፣ ከዚያ «ማን አበላሸው?» ይመጣል፤ መልሱን ታውቁታላችሁ።

የአልሙኒየም ድስትና ማንቆርቆሪያ ላይ። ሎሚና ኮምጣጤም ደካማ አሲድ ናቸው፣ አንድ ቀን ካደሩበት ቀስ ብለው ይበሉታል።

በዚህ መንገድ የሚወጣው ጋዝ መስኮት በተከፈተ ቤት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነው። ዋናው አደጋ አረፋው ሲፈነዳ ወደ ፊት የሚረጨው አሲድ ነው። ሌላው ደግሞ የተረፈውን አሲድ ብረት ባለበት ዕቃ አድርጎ መክደን ነው። ጋዙ መውጫ ሲያጣ ክዳኑን ያስወነጭፈዋል። አሲድ ከመጣበት ዕቃ ወደ ሌላ ዕቃ አይገለበጥም፣ በቃ።

መንገድ ሁለት፦ ካስቲክ ሶዳ አልሙኒየም ሲነካ

ይህኛው ከአሲዱ የበለጠ ይመለከተናል። ካስቲክ ሶዳ በዓረብኛ «ሶዳ ካውያ» ይባላል። አሲድ አይደለም፣ የአሲድ ተቃራኒ ነው። «እንግዲያው ይሻላል» ብላችሁ ግን እንዳትዘናጉ። ስብ ያቀልጣል፣ ፀጉር ያሟሟል፣ ለዚህም ነው ቱቦ የሚከፍተው። ቆዳችንም ስብና ሥጋ ነው፣ አይለየውም። ዓይን ላይ ከአሲድ የባሰ ይሆናል፣ ምክንያቱም ሳይቆም ወደ ውስጥ እየዘለቀ ይሄዳል።

አንዳንዱን ዱቄት ልብ ብላችሁ ካያችሁት ከነጩ ጋር የተቀላቀለ የሚያብረቀርቅ ፍንጣሪ አለው። እሱ አልሙኒየም ነው። ሆን ተብሎ ነው የሚጨመረው። ውሃ ሲገባ ካስቲክ ሶዳው አልሙኒየሙን ይበላል፣ ሃይድሮጅን ይወጣል፣ ብዙ ሙቀትም ይፈጠራል። ሙቀቱ ስቡን ያቀልጣል፣ አረፋው ቆሻሻውን ያናውጣል። ፍንጣሪ የሌለው ንጹሕ ካስቲክ ሶዳ ግን ውሃ ሲነካው ይግላል እንጂ ሃይድሮጅን አያወጣም፤ አልሙኒየም ካገኘ ብቻ ነው የሚያወጣው።

ምን ያህል ጋዝ? ሒሳቡ ቀላል ነው። 1 ግራም አልሙኒየም ሙሉ በሙሉ ከተበላ ወደ 1.3 ሊትር ሃይድሮጅን ይሰጣል። ትልቁን የኮካ ጠርሙስ አስቡት፣ ከግማሹ በላይ ማለት ነው፤ ያውም ከ1 ግራም! እንግዲህ ሲንኩ ውስጥ የአልሙኒየም ትሪ ወይም የተጨማደደ ፎይል (ቃስዲር) ካለና ዱቄቱ ከነካው ማንም ያላሰበው ብዙ ጋዝ ይወጣል።

ከጠቅላላው ነገር የሚከተሉትን ጥንቃቄዎች ያዙ፦

1. ሲንኩን መጀመሪያ ባዶ አድርጉ። ድስት፣ ማንኪያ፣ ትሪ፣ ፎይል አውጡ። የአልሙኒየም ድስት በዚህ ዱቄት አይታጠብም። ይጠቁራል፣ ይበሳሳል።

2. አጠገቡ ያለውን ምድጃ አጥፉ። ቡኹር የሚጨስበት ወይም የቡና ከሰል ያለበት ከሆነ ከዚያ ክፍል ይውጣ። ባባ ሲጋራ ይዞ ወደ ኩሽና ቢመጣ «ባባ፣ ደቂቃ» በሉት።

3. መስኮት ክፈቱ። መስኮት ከሌለ ማራገቢያውን ዱቄቱን ከመጨመራችሁ በፊት አብሩት።

4. የተጻፈውን መጠን ብቻ ጨምሩ። «ብዙ ካረግኩ ቶሎ ይከፈታል» አይሠራም። ሙቀቱ የፕላስቲክ ቱቦውን ሊያለሰልሰውና ሊያጣምመው ይችላል።

5. የፈላ ውሃ አታፍሱበት፣ ቆርቆሮው ላይ ካልተጻፈ በስተቀር። ዱቄቱ ራሱ ውሃውን ሊያፈላው ይችላል። ብርጭቆ ወይም ጠባብ ዕቃ ውስጥ ዱቄት አድርጋችሁ በላዩ ውሃ መጨመር ደግሞ ፈጽሞ አይገባም፤ ፊት ላይ ይተፋል።

6. ከጨመራችሁ በኋላ ወደ ቱቦው ጎንበስ ብላችሁ አትዩ። አንድ ሁለት እርምጃ ራቁ። ረጅም ጓንትና መነጽር ካለ አድርጉ። ጉሮሮ የሚቆጠቁጠው ሃይድሮጅኑ አይደለም፣ አረፋው ይዞት የሚወጣው የካስቲክ ሶዳ ብናኝ ነው። ከቆጠቆጣችሁ ውጡ።

7. ካልተከፈተ ሌላ ኬሚካል አትደርቡበት። ዱቄት አስገብቶ አልሠራ ሲል ፍላሽ መድፋት ብዙ ቤት የሚደረግ ነገር ነው። አሲድና ካስቲክ ሶዳ ሲገናኙ በኃይል ይግላሉ፣ ተመልሰው ይረጫሉ። ቧንቧ ሠራተኛ (በገልፍ «ሰባክ»፣ በሊባኖስ «ሰንጋሪ») ይጠራ። ሲመጣም ቱቦው ውስጥ ዱቄት እንዳለ ንገሩት፣ እሱም የሰው ልጅ ነው።

8. ቆርቆሮው በደንብ ተከድኖ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። ከሲንክ ሥር ውሃ የሚንጠባጠብበት ቦታ አታስቀምጡ። ፍንጣሪ ያለው ዱቄት እርጥበት ከገባው ተከድኖ ሳለ ጋዝ ማውጣት ይጀምራል። ቆርቆሮው ካበጠ አትክፈቱት፣ አሳዩአቸው።

ስለ ብር ዕቃም አንድ ነገር ልበል። የጠቆረ የብር ትሪና ማንኪያ በፎይል፣ በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ ማጽዳት የብዙ ማዳሞች ዘዴ ነው። እዚያም አልሙኒየሙ ነው የሚሠራው። ብሩን ያጠቆረው ድኝ ከብሩ ይለያል፣ ትንሽ አረፋ ይወጣል፣ አንዳንዴ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ቤኪንግ ሶዳ ደካማ ስለሆነ ይህ መስኮት ከፍቶ የሚሠራ ቀላል ሥራ ነው። ቤኪንግ ሶዳውን በካስቲክ ሶዳ መተካት ግን አይቻልም። ሁለቱም «ሶዳ» ስለሚባሉ የሚያሳስተው ስማቸው ነው።

መንገድ ሦስት፦ ከሚሞላ ባትሪ

ይህ በተለይ ሊባኖስ ላለነው ነው። መብራት በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ በሚመጣበት ጊዜ ብዙ ቤት ትልልቅ ባትሪ ገዝቷል። እነዚህ ባትሪዎች የት ነው የሚቀመጡት? ሳሎን ውስጥ አይሆንም፣ ያስጠላል። በረንዳ፣ ዕቃ ቤት፣ አንዳንድ ቤት ደግሞ ሠራተኛዋ የምትተኛበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው።

የመኪና ባትሪ የሚመስለው፣ ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ ውስጡ እርሳስና ሰልፈሪክ አሲድ ያለበት ውሃ ነው። ሲሞላ፣ በተለይ ከሞላ በኋላም ኤሌክትሪኩ ሳይቋረጥ ሲቀር፣ ኤሌክትሪኩ ውሃውን ይሰነጥቀዋል። ውሃ ከሃይድሮጅንና ከኦክስጅን የተሠራ ስለሆነ ሁለቱም ጋዝ ሆነው በክዳኑ ቀዳዳ ይወጣሉ። በየጊዜው ውሃ የሚጨመርበትም ለዚህ ነው፤ ጋዝ ሆኖ የሄደውን ለመተካት።

እዚህም ሒሳብ እንሥራ። ሞልቶ ያለቀ አንድ ባለ 12 ቮልት ባትሪ በ10 አምፔር ለ1 ሰዓት መሞላቱን ቢቀጥል ወደ 25 ሊትር ሃይድሮጅን ያወጣል። 2 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ፣ ከፍታው 2.5 ሜትር የሆነ ክፍል 10,000 ሊትር አየር ይይዛል። 4 በመቶው 400 ሊትር ነው። ስለዚህ ክፍሉ በአንድ ሰዓት አይሞላም፣ አትደንግጡ። ነገር ግን ባትሪው አንድ ሳይሆን አራት ከሆነ፣ ቻርጀሩ ተበላሽቶ ሌሊቱን ሙሉ ካልቆመ፣ በርና መስኮቱም ዝግ ከሆነ ቁጥሩ ይደርሳል። ባትሪው ቁም ሳጥን ውስጥ ከተቆለፈ ደግሞ በጣም ቶሎ ይደርሳል። 500 ሊትር ለሚይዝ ቁም ሳጥን 20 ሊትር ይበቃዋል፤ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም።

ምን እናድርግ?

• ባትሪው ያለበት ቦታ ከላይ በኩል አየር ማስወጫ ይኑረው። ጋዙ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ከታች ብቻ ያለ ቀዳዳ አይበቃም። ማስወጫውን በጨርቅ ወይም በካርቶን አትድፈኑት፣ ብርድ ቢገባም።

• ከባትሪው በላይ ልብስ አታስጡ፣ ሻማ አታብሩ፣ አታጢሱ፣ እጣን አታጭሱ።

• ሽቦውን አትንኩ፣ አትነቃቅሉ፣ ብረት ነገር ላዩ ላይ አታስቀምጡ። ብልጭታ የሚፈጠረው እዚያ ነው።

• ውሃ ጨምሪ ብትባሉ ይህ የእናንተ ሥራ እንዳልሆነ በትሕትና ንገሩ። ባለሙያ አለው፣ ውስጡም አሲድ ነው።

• ባትሪው ካበጠ፣ እጅ የሚያቃጥል ሙቀት ካለው፣ ከፈላ፣ ወይም የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ ከዚያ ክፍል ውጡ። ሽታው የሃይድሮጅን አይደለም፣ ባትሪው ከመጠን በላይ ተሞልቶ የሚያወጣው ሌላ መርዛማ ጋዝ ነው፤ ግን ሁለቱ አብረው ነው የሚመጡት። አጠገቡ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ አትንኩ። ራቅ ካለው ዋና ቆጣሪ ይጥፋ፣ መስኮት ይከፈት፣ ለቤቱ ሰው ይነገር።

መኝታችሁ እዚያ ከሆነ ፎቶ አንሱና ለአሠሪዎቹ በጥሩ ቃል አስረዱ። «እኔ ፈራሁ» ከማለት «ቤቱ ይቃጠላል» ማለት የበለጠ ይሰማል። ልጆቹም እዚያው ቤት ነው የሚተኙትና። አዲሶቹ የሊቲየም ባትሪዎች በደህና ጊዜ እንደዚህ ጋዝ አያወጡም። እነሱም ግን ከተጎዱ በኃይል ይቃጠላሉና የሚተኛበት ክፍል ውስጥ ባይሆኑ ይመረጣል።

አረፋ ሁሉ ሃይድሮጅን አይደለም

ይህን መለየት ሕይወት ያተርፋል።

ኮምጣጤና ቤኪንግ ሶዳ ሲቀላቀሉ የሚፈላው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፣ ለስላሳ መጠጥ ውስጥ ያለው ጋዝ። አይቃጠልም።

አሲድ የውሃ ኖራ ወይም እብነ በረድ ላይ ሲፈስ የሚፈላውም ያው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አረፋው ባይጎዳንም እብነ በረዱ ይበላሻል።

በረኪና (ክሎሮክስ) እና ፍላሽ ሲገናኙ የሚወጣው ግን ክሎሪን ነው። ይህ መርዝ ነው! ሳንባ ያቃጥላል፣ ሰው ገድሏል። ሃይድሮጅን ወደ ላይ በኖ ሲሄድ ክሎሪን ከአየር ስለሚከብድ እኛ ተንበርክከን የምናጥብበት ወለል ላይ ይተኛል። በረኪና ከአሞኒያ ጋርም ሌላ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፦ በረኪና ከውሃ በቀር ከምንም ጋር አይቀላቀልም።

ቆርቆሮው ላይ ምን እንፈልግ?

ዓረብኛ ማንበብ ባንችልም ምልክቱ በብዙ አገር አንድ ነው። ቀይ ጠርዝ ያለው ነጭ አልማዝ ቅርጽ ውስጥ ፈሳሽ እጅና ብረት ላይ ሲንጠባጠብ ከታየ «ይበላል» ማለት ነው። ነበልባል ካለ «ይቃጠላል»፣ የራስ ቅል ካለ «ይገድላል» ማለት ነው። ጽሑፉን ደግሞ በስልክ ተርጓሚ ካሜራ ማስነበብ ይቻላል። እነዚህን ቃላት ሰምታችሁ እንድታውቁ፦

«ሶዳ ካውያ» ወይም «ሃይድሮክሲድ አስ-ሶድየም» ማለት ካስቲክ ሶዳ ነው።
«ሐምድ» ማለት አሲድ ነው።
«ሐምድ አል-ኪብሪቲክ» ማለት ሰልፈሪክ አሲድ፣ የባትሪው ነው።
«ኸጠር» ማለት አደጋ ነው።

ማዳም «ቀላቅይው» ብትልስ?

ጽሑፍ ላይ «እምቢ በሉ» ማለት ቀላል ነው። ሥራ ላይ ያለ ሰው ግን ያውቀዋል፣ እምቢ ማለት ዋጋ አለው። እኔ የምመክረው እምቢታውን ከኬሚካሉ ጋር እንጂ ከሰውየዋ ጋር አለማድረግ ነው። «ሃዳ መዓ ሃዳ ኸጠር፣ ይጥላዕ ጋዝ» በሉ፤ ይህ ከዚህ ጋር አደጋ ነው፣ ጋዝ ይወጣል ማለት ነው። ከዚያ «ዋሒድ ዋሒድ» ብላችሁ አንዱን ዛሬ፣ በብዙ ውሃ ታጥቦ ሲያልቅ ሌላውን ነገ እንደምትሠሩ ንገሩ። ሥራውን እንዳልጠላችሁት ስታይ ብዙዋ ትሰማለች። ካልሰማች የቆርቆሮውን ምልክት አሳዩአት፣ በራሷ ቋንቋ ታንብበው። ጉዳት ከደረሰ የዕቃውን ፎቶ፣ የቁስሉን ፎቶና ቀኑን ያዙ። በኋላ ለሕክምናም ለአቤቱታም ያስፈልጋል።

ከነካን ምን እናድርግ?

ቆዳ ላይ ከሆነ፦ ደረቅ ዱቄት ከሆነ መጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ አራግፉት። ልብስና ቀለበት አውልቁ። ከዚያ በሚፈስ ውሃ ቢያንስ 20 ደቂቃ እጠቡ። ካስቲክ ሶዳ ቆዳ ላይ ሙልጭልጭ ካለ ገና አልለቀቀም፣ ቀጥሉ።

ዓይን ውስጥ ከሆነ፦ ሳትቆዩ፣ በዚያው ሰከንድ፣ የዓይን ቆብ በጣት ከፍታችሁ በሚፈስ ውሃ 30 ደቂቃ እጠቡ፤ ከዚያ ወደ ሐኪም። ሰው ፈቃድ እስኪሰጥ አትጠብቁ፣ ውሃው እዚያው ነው።

ከተዋጠ፦ አታስታውኩ። ሲመለስ ጉሮሮን ሁለተኛ ጊዜ ያቃጥላል። አፍ ተጉመጥምጦ ቶሎ ወደ ሆስፒታል፣ ቆርቆሮውን ይዛችሁ።

ኮምጣጤ፣ ሎሚ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ቡና አትቀቡ። «አሲድ በካስቲክ ይበርዳል» የሚባለው ቁስል ላይ ሌላ ሙቀት ይፈጥራል። መድኃኒቱ ውሃ ነው።

የአደጋ ስልኮች

ሊባኖስ፦ ቀይ መስቀል 140፣ ሲቪል መከላከያ 125
ሳዑዲ ዓረቢያ፦ አምቡላንስ 997፣ እሳት 998፣ በሪያድ፣ በመካ ክልልና በምሥራቁ ክልል 911
የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች፦ አምቡላንስ 998፣ እሳት 997፣ ፖሊስ 999
ኩዌት፦ 112
ኳታርና ባህሬን፦ 999
ኦማን፦ 9999
ዮርዳኖስ፦ 911

በመጨረሻ፣ ሃይድሮጅን ጠላት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በፋብሪካ በብዛት ከተፈጥሮ ጋዝ ይመረታል፣ ከእሱ አሞኒያ ይሠራል፣ ከአሞኒያው ደግሞ ዩሪያ። አገር ቤት አባቶቻችን ወረፋ ይዘው የሚገዙት ማዳበሪያ ማለት ነው። እዚያ ግን ሠራተኛው መነጽር፣ ጓንትና የጋዝ መለኪያ ተሰጥቶት ነው የሚሠራው። እኛ ያለን መስኮቱና ያወቅነው ነገር ነው። ስለዚህ አዲስ ለመጣችው እህታችሁ ሌላው ቢቀር እነዚህን ሦስቱን ንገሯት፦ መጀመሪያ መስኮት ክፈቺ፣ ሁለት ነገር አትቀላቅይ፣ ከነካሽ ወደ ውሃ ሩጪ።